ፖሊስ ሲያስቆመን፦ እጅ መሪው ላይ፣ “እሺ” በልኩ

አሜሪካ ከገባሁ ስምንት ወር ያህል ሆኖኝ ነበር። በዋሽንግተን አካባቢ፣ ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ከሥራ ወጥቼ ስነዳ ከኋላዬ ቀይና ሰማያዊ መብራት ተብለጨለጨ። ፍሬቻ አሳይቼ ዳር ያዝኩ። ከዚያ አገሬ ሳለሁ ሁሌም እንደማደርገው አደረግኩ። ሞተር አጠፋሁ፣ መንጃ ፈቃዴን ከኪሴ አወጣሁ፣ በሩን ከፍቼ ወደ ፖሊሱ መኪና መራመድ ጀመርኩ። ሦስት እርምጃ የሄድኩ አይመስለኝም። ከመብራቱ ወዲያ የማላየው ሰው ጮኸብኝ። ምን እንዳለ አልገባኝም፤ ቁጣው ግን ገባኝ። እጄን ግንባሬ ላይ ጋርጄ ሳይ የእሱ አንድ እጅ ወገቡ ላይ ነው። እኔም መንጃ ፈቃዱን ከፍ አድርጌ እያሳየሁት “እሺ፣ እሺ ጌታዬ” እላለሁ፣ ያውም በአማርኛ። በሦስተኛው ጩኸት “ካር” የምትለዋን ቃል ለይቼ ተመልሼ ገባሁ። መሪውን ስይዝ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ያ ሁሉ የሆነው ለአንዲት የተቃጠለች የታርጋ መብራት ነው።

እኔ ያደረግኩት አገር ቤት ጨዋነት ነው። ትራፊኩ በእግሩ መንገድ ዳር ቆሞ ፊሽካ ይነፋል፣ እጁን ያወዛውዛል፤ ሾፌሩ ዳር ይይዝና ወርዶ ይሄድለታል። መኪናው ውስጥ ተቀምጦ “ይምጣ” ብሎ የሚጠብቅ ሰው ንቀት ይሆንበታል። ወርደን፣ አንገት ሰበር አድርገን፣ “እባክህ ወንድሜ፣ ዛሬን ማረኝ” እንላለን። ክርክሩም ልመናውም እዚያው አስፋልቱ ዳር ይካሄዳል። ከመኪና መውረድ አክብሮት፣ ቀረብ ብሎ መናገር ትሕትና፣ ጥፋትን ቶሎ ማመን ደግሞ የምሕረት በር ነው።

አሜሪካ ውስጥ ሦስቱም ሌላ ትርጉም ይሰጣቸዋል። በሕዝብ እጅ ያለው የጦር መሣሪያ ከሕዝቡ ቁጥር እንደሚበልጥ በሚገመትበት አገር፣ ፖሊሱ መኪናዋ ውስጥ ማን እንዳለና ምን እንደያዘ ሳያውቅ ነው የሚቀርበው። ሥልጠናው የሰውን እጅ እንዲያይ አስተምሮታል። ሳይጠራ ወርዶ ወደ እሱ የሚመጣ ሰው፣ በተለይ በጨለማ፣ ለእሱ ትሑት ሰው አይደለም። መውረድና አለመውረድን የሚወስነውም ሾፌሩ አይደለም። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1977 በሚምስ መዝገብ ፖሊስ ሾፌሩን “ውረድ” ብሎ ማዘዝ እንደሚችል ወስኗል፤ በ1997 ደግሞ ተሳፋሪውንም ጨመረ። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ስለዚህ ነገሩ ቀላል ነው፦ ካልተባለ መቀመጥ፣ ከተባለ መውረድ። “ለምን?” የሚለው ጥያቄ ይቆይ፤ የሚጠየቅበት ቦታ አለው።

ይህን ስጽፍ ፓትሪክ ሊዮያ ከፊቴ አይጠፋም። የኮንጎ ስደተኛ ነበር፣ 26 ዓመቱ። ኤፕሪል 4 ቀን 2022 በሚሺጋን ግዛት፣ ግራንድ ራፒድስ ከተማ፣ ታርጋው ከመኪናው ጋር አይገጥምም ተብሎ ጠዋት አስቆሙት። ቪዲዮውን ያየ ኢትዮጵያዊ የመጀመሪያዎቹን ሰከንዶች ወዲያው ያውቃቸዋል፤ ሊዮያ በሩን ከፍቶ ይወርዳል። ፖሊሱ ተመልሶ እንዲገባ ያዘዋል። ሊዮያ ግራ የተጋባ ይመስላል። እንግሊዝኛ ትናገራለህ ወይ ሲባል አዎ ይላል። ከዚያ ይያያዛሉ፣ ሊዮያ ይሮጣል፣ ፖሊሱ ይደርስበታል፣ በኤሌክትሪክ መሣሪያው ይታገላሉ። መጨረሻ ላይ በሆዱ እንደተኛ ከኋላ ጭንቅላቱ ላይ ተተኮሰበት። አባቱ ለጋዜጠኞች ሐዘናቸውን የተናገሩት በአስተርጓሚ ነበር። ፖሊሱ ከሥራው ተባረረ፣ በግድያ ተከሰሰ፤ በሜይ 2025 ግን ከሕዝብ የተመረጡት ዳኞች (ጁሪ) ሊስማሙ አልቻሉም፣ ዐቃቤ ሕጉም ጉዳዩን እንደገና ላለማየት ወሰነ።

የሞተው ስለወረደ ነው አልልም። የሞተው ስለተተኮሰበት ነው። ነገር ግን በአንድ የታርጋ ጥያቄና በአንድ ሬሳ መካከል የነበረው ጥቂት ደቂቃ የጀመረው እኔ በዚያ ማታ ባደረግኩት ዓይነት እንቅስቃሴ ነው። ይህን አውቆ ዝም ማለት አልችልም።

መብራቱ ሲበራ ፍሬቻ አሳይቶ ወደ ቀኝ መውጣት። ጨለማና ጭር ያለ መንገድ ከሆነ፣ ወይም አስቋሚው መኪና የፖሊስ ምልክት ከሌለው፣ አራቱን ፍሬቻ አብርቶ ቀስ እያሉ ብርሃን ያለበት ቦታ ድረስ መሄድና ወደ አደጋ ጊዜ ስልኩ 911 ደውሎ እውነተኛ ፖሊስ መሆኑን ማጣራት ይቻላል። ማፍጠን ግን ፈጽሞ አይገባም፤ እንደ ማምለጥ ይቆጠራል። ከቆሙ በኋላ ሞተር ማጥፋት፣ መስኮት ማውረድ፣ ማታ ከሆነ የውስጡን መብራት ማብራት፣ ሁለት እጅ መሪው ላይ። ከሁሉም በላይ ይህችን አደራ እላለሁ፦ ፖሊሱ እስኪደርስ ድረስ ወረቀት ለመፈለግ አጎንብሳችሁ የጋቢናውን መሳቢያ አትበርብሩ። ከኋላ ሆኖ ለሚያይ ሰው፣ ጎንበስ ብሎ የሚፈልግ ትከሻ ኢንሹራንስ ይፈልግ ሌላ ነገር አይለይም። ሲጠይቃችሁ ወረቀቱ የት እንዳለ በቃል ተናገሩ፣ “ላውጣው?” በሉ፣ ከዚያ በዝግታ አውጡ። መንጃ ፈቃድ፣ የመኪናው ሬጅስትሬሽንና ኢንሹራንስ በአንድ ፖስታ ሆነው ከፀሐይ መከላከያው ላይ ቢቀመጡ ግማሹ ጭንቀት ይቀላል። የኋላ ወንበር ያሉ ሰዎችም እጃቸው ይታይ። ልጆች ከኋላ ሆነው ለአባታቸው ሲያስተረጉሙ አይቻለሁ፤ ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ ወደ ፊት ሲንጠራራ ነገር ይወሳሰባል።

ይህን ሁሉ ያደረገ ሰው ደኅና ይገባል ብሎ የሚምል ካለ ፊላንዶ ካስቲልን ያስታውስ። በሚኒሶታ የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሠራተኛ ነበር፣ 32 ዓመቱ። ጁላይ 6 ቀን 2016 በፋልከን ሃይትስ የኋላ መብራት ተበላሽቷል ተብሎ ቆመ። ሕጋዊ ፈቃድ ያለው ሽጉጥ መያዙን በጨዋ ድምፅ፣ በራሱ ፈቃድ ለፖሊሱ ነገረው። በሰከንዶች ውስጥ ሰባት ጥይት ተተኮሰ። ጓደኛው አጠገቡ፣ የአራት ዓመት ልጇ ከኋላ ነበሩ። ፖሊሱ በ2017 ነጻ ወጣ። ካስቲል ከዚያች ቀን በፊት በትራፊክ ምክንያት ወደ 46 ጊዜ ቆሞ ያውቅ ነበር፤ አብዛኛው ለጥቃቅን ነገር።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የፖሊስ መዝገቦችን የሚሰበስቡ ተመራማሪዎች እንደሚሉት አሜሪካ ውስጥ በዓመት ከ20 ሚሊዮን በላይ፣ በአንድ ተራ ቀን ከ50,000 በላይ ሾፌሮች ይቆማሉ። በ2020 ባወጡት ጥናት ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ ማስቆም ሲመረምሩ፣ ፀሐይ ከጠለቀችና የሾፌሩ ፊት ከማይታይበት ሰዓት በኋላ ከሚቆሙት መካከል የጥቁሮች ድርሻ ዝቅ እንደሚል አገኙ። ጨለማው ነው የሚከልላቸው። ስለዚህ ሸክሙ በሾፌሩ ትከሻ ላይ ብቻ ሲጫን ያበሳጨኛል፤ መሣሪያውና ሥልጣኑ በማን እጅ እንደሆነ ግልጽ ነው። ሆኖም ፖሊሱን ዛሬ ማታ መለወጥ አልችልም። የራሴን እጅና የራሴን አፍ ግን እችላለሁ።

ስለ አፍ ደግሞ እኛ ዘንድ ብዙም አይወራም።

“እሺ” በአማርኛ ብዙ ሥራ አለው። ሰማሁህ ማለት ነው፣ ቀጥል ማለት ነው፣ አከብርሃለሁ ማለት ነው። አንዳንዴም “አልገባኝም፣ ግን ላስቸግርህ አልፈልግም” ማለት ነው። እናቴ ስልክ ላይ በአንድ ደቂቃ አሥር ጊዜ እሺ ብላ በመጨረሻ ምንም ያልተስማማችበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ለእኛ አይደንቀንም። ይህ “እሺ” ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር “የስ” ወይም “ኦኬ” ይሆናል። የፖሊሱ ደረት ላይ ያለው ካሜራ የሚቀዳውም “የስ” የሚለውን ብቻ ነው። ፖሊሱ “መኪናህን ልፈትሽ?” ሲል “እሺ” ያለ ሰው በሕግ ፊት ፈቅዷል።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1973 ፖሊስ “እምቢ ማለት ትችላለህ” ብሎ የመንገር ግዴታ እንደሌለበት ወሰነ። በ1996 ደግሞ የሮቢኔት ጉዳይ መጣ። ኦሃዮ ውስጥ አንድ ሰው ከተፈቀደው ፍጥነት በላይ ነድቶ ይቆማል፤ ፖሊሱ ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መንጃ ፈቃዱን ይመልስለታል። ነገሩ አለቀ። ሰውየው ሊሄድ ሲል ፖሊሱ ከመሄድህ በፊት አንዲት ጥያቄ ብሎ አደንዛዥ ዕፅ እንደያዘ ይጠይቀዋል፣ ከዚያም ልፈትሽ ይለዋል። ሰውየው እሺ አለ። ጥቂት ማሪዋናና አንድ ክኒን ተገኘ። ፍርድ ቤቱ፣ ፖሊሱ “አሁን መሄድ ትችላለህ” ብሎ ባይነግረውም የሰውየው ፈቃድ ፈቃድ ነው አለ። እዚያች ቅጽበት ላይ፣ መንጃ ፈቃዱ እጃችን ተመልሶ ልባችን ረጋ ባለበት ሰዓት፣ የእኛ ሰው “እሺ” ለማለት ከማንም ይቀድማል። ጥሩ ሰው ነው ፖሊሱ፣ ለቀቀኝ፣ ምን ይጎዳኛል ይላል።

የሚጎዳው አለ። መኪናዋ ውስጥ ቀን ስንት ሰው እንደተሳፈረ የኡበር ሾፌር ያውቃል፤ ማን ምን ጥሎ እንደወረደ ግን አያውቅም። ከወንበሩ ሥር የተገኘ ዕቃ የሾፌሩ ዕቃ ይሆናል። ለስደተኛ ደግሞ የዕፅ ክስ በገንዘብ ቅጣት የሚያበቃ ነገር አይደለም፣ ግሪን ካርድን ጭምር የሚነካ ነው።

ስለዚህ አንዲት ዓረፍተ ነገር በቃል ትያዝ፦ “ኦፊሰር፣ አይ ዶንት ኮንሰንት ቱ ኤኒ ሰርችስ።” ፍተሻ አልፈቅድም ማለት ነው። በረጋ ድምፅ፣ እጅ መሪው ላይ እንዳለ። ፖሊሱ ይህን ሰምቶም ሊፈትሽ ይችላል፤ በዓይኑ ያየው ነገር ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ካለው ፈቃድም ማዘዣም አያስፈልገውም። ያን ጊዜ መከልከል፣ በር መያዝ፣ መግፋት የለም። ዓረፍተ ነገሯን ግን አንድ ጊዜ ድገሟት። ካሜራው ይቅዳት፤ በኋላ ጠበቃው የሚሟገተው በእሷ ነው። ሁለተኛዋ ደግሞ “አም አይ ፍሪ ቱ ጎ?” ናት፣ መሄድ እችላለሁ ወይ። በ2015 በሮድሪጌዝ መዝገብ ፍርድ ቤቱ፣ የቆመበት ጉዳይ ካለቀ በኋላ ያለ በቂ ጥርጣሬ ሾፌርን ለውሻ ፍተሻ ማቆየት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሏል። በዚያ ጉዳይ ሾፌሩ የቆየው ሰባት ስምንት ደቂቃ ቢሆን ነው። በፈቃዱ “እሺ እጠብቃለሁ” ያለ ሰው ግን ይህን መከላከያ በገዛ አፉ ይተወዋል።

እምቢታው ለሁሉ ነገር አይሠራም። መንጃ ፈቃድ ስጥ ሲባል እሺ ነው፣ ውረድ ሲባል እሺ ነው። ጠጥተህ ነድተሃል ተብሎ ለተያዘ ሰውም የትንፋሽ ምርመራ እምቢ ማለት በራሱ መንጃ ፈቃድ የሚያሳግድ ጉዳይ ነው፤ መንጃ ፈቃዱን የወሰድን ቀን አስቀድመን የተስማማንበት እንደሆነ ሕጉ ይቆጥረዋል። ሰውነት ይታዘዛል፣ ፈቃድ ግን የራስ ነው። እኛ ዘንድ እነዚህ ሁለቱ አንድ ሆነው ስላደጉ ነው ችግሩ።

“ይቅርታ”ም የእሺ እኅት ናት። ፖሊሱ “ለምን እንዳስቆምኩህ ታውቃለህ?” ሲል አገር ቤት የተማርነው መልስ “አዎ ጌታዬ፣ ቸኩዬ ነው፣ አጥፍቻለሁ” ነው። እዚህ ያ መልስ ማስረጃ ነው። በቨርጂኒያ ከተፈቀደው ፍጥነት 20 ማይልና ከዚያ በላይ ያለፈ፣ ወይም የትም ቢሆን ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው በግድ የለሽ አነዳድ ሊከሰስ ይችላል። እሱም እስከ 12 ወር እስርና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊያስከትል የሚችል ወንጀል ነው። ከሜሪላንድ ወይም ከዲሲ ተሻግሮ የሚነዳ ወገናችን ብዙ ጊዜ ይህን የሚያውቀው ትኬቱ እጁ ከገባ በኋላ ነው። “80 ነበር የምነዳው መሰለኝ፣ ይቅርታ” ብሎ የተናገረ ሰው የዐቃቤ ሕጉን ሥራ ጨርሶለታል። ካሊፎርኒያ ከ2024 መጀመሪያ አንሥቶ ፖሊስ ጥያቄ ከመጀመሩ በፊት ያስቆመበትን ምክንያት እንዲናገር በሕግ ያስገደደችው ይህን ወጥመድ አይታ ነው።

መዋሸት ግን ሌላ ጥፋት ነው፣ ከዝምታ የባሰ። “አላውቅም ኦፊሰር፣ ቢነግሩኝ” ማለት ጨዋም ነው በቂም ነው። የት ትሄዳለህ፣ ከየት ትመጣለህ ለሚለው መልስ አለመስጠት መብት ነው። የሐሰት ሰነድ ማሳየት፣ ዜጋ ሳይሆኑ “ዜጋ ነኝ” ማለት ግን ሙሉ ዕድሜ የሚያሳድድ ስህተት ነው፤ በየትኛውም ጭንቀት ውስጥ አይነገር። ገንዘብ ከወረቀት መካከል ማስገባት የሚለውን ሐሳብ ደግሞ ከነጭራሹ ከአእምሮ ማውጣት ነው፤ የትኬቱን ጉዳይ ወደ ከባድ ወንጀል ይለውጠዋል።

መቅረጽስ? ስልኩ መያዣው ላይ ከሆነ ይቅረጽ። ሜሪላንድንና ቨርጂኒያን የሚያጠቃልለው አራተኛው የይግባኝ ፍርድ ቤት በ2023 መጀመሪያ፣ ተሳፋሪ የትራፊክ ማስቆምን በቀጥታ ማስተላለፉ በሕገ መንግሥቱ የተጠበቀ ንግግር ነው ብሏል። ስልክ ለማንሳት ብሎ እጅን ወደ ኪስ መስደድ ግን ከቪዲዮው የሚገኘውን ጥቅም ሁሉ ያስንቃል።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። ብዙዎቻችን ስፖኪዮው ላይ መስቀል፣ መቁጠሪያ፣ ባንዲራ እንሰቅላለን። በብዙ ግዛቶች እይታን የሚጋርድ ነገር መስቀል ለማስቆም ምክንያት ይሆናል። በኤፕሪል 2021 በሚኒሶታ፣ ብሩክሊን ሴንተር የተገደለው የ20 ዓመቱ ዳውንቴ ራይት ለእናቱ በስልክ የነገራት ስፖኪዮው ላይ በተንጠለጠለ የመኪና ሽቶ ምክንያት እንደቆመ ነበር፤ ፖሊስ በበኩሉ ጊዜው ያለፈበት የታርጋ ምልክት አይቼ ነው ብሏል። ቨርጂኒያ ከማርች 2021 ጀምሮ በተንጠለጠለ ነገር ወይም በጠቆረ መስታወት ብቻ ማስቆምን ከልክላለች፤ ሌሎች ብዙ ግዛቶች ግን አልከለከሉም። መስቀሉን አውርዶ ክሩስኮቶው ላይ ማስቀመጥ እምነትን አይቀንስም።

እስካሁን ያልኩት “ጥቂት ተናገሩ” የሚለው ምክር ለትራክ ሾፌሮቻችን ግማሹ አይሠራም። በኤፕሪል መጨረሻ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ በፈረሙት ትእዛዝ መሠረት፣ ከጁን 25 ቀን 2025 ጀምሮ በመንገድ ላይ ቁጥጥር በቂ እንግሊዝኛ የማይናገር የሲዲኤል (የንግድ ከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ሾፌር እዚያው ከመንዳት ይታገዳል። ሕጉ ራሱ ድሮም ነበረ፤ ከሕዝብ ጋር መነጋገር፣ የመንገድ ምልክት መረዳት፣ ለተቆጣጣሪ ጥያቄ መመለስ መቻል አለበት ይላል። የተለወጠው ቅጣቱ ነው። ተቆጣጣሪው ቃለ መጠይቁን በእንግሊዝኛ ያደርጋል፤ አስተርጓሚም የስልክ መተርጎሚያም አይፈቀድም፤ ከዚያ የመንገድ ምልክቶችን ትርጉም ይጠይቃል። የትሕትና “የስ፣ የስ” እዚህ ጋ ሾፌሩን ይጥለዋል፣ ያልገባው መሆኑን ያሳብቅበታልና። አምስት ዓመት ያለ አንድ አደጋ የነዳ ሰው በአምስት ጥያቄ እንጀራው ሲቆም ማየት ያማል። ለዚህ መፍትሔው ልምምድ ነው፦ ከየት ጫንክ፣ ምን ጫንክ፣ ስንት ሰዓት ነዳህ፣ የሰዓት መዝገብህን አሳየኝ። እነዚህን በሙሉ ዓረፍተ ነገር፣ ከሚስት ወይም ከጓደኛ ጋር፣ ጮክ ብሎ መለማመድ። ያልገባንን ጥያቄ “እባክዎ ይድገሙልኝ” ማለትም እንግሊዝኛ መቻል ነው።

የኔ ነገር በዚያ ማታ አላለቀም ነበር። ፖሊሱ ትኬቱን ጽፎ “ፈርም” ሲለኝ እጄን ሰበሰብኩ። እኛ አገር ፊርማ ማመን ነው፤ የፈረመ ተበላ ይባላል። እሱ ደግሞ ቁጣው እንደገና ሲመጣ ፊቱ ላይ አየሁ። በኋላ እንደተረዳሁት የትኬት ፊርማ ጥፋትን ማመን አይደለም፣ “በቀጠሮው እቀርባለሁ” ማለት ብቻ ነው፤ አለመፈረም ግን በብዙ ግዛቶች ሊያሳስር ይችላል። ፈረምኩ።

ከዚያ የሚመጣው ወረቀት ነው የብዙ ሰው ጉዳት። በሜሪላንድ ለምሳሌ 30 ቀን አለ፤ ወይ መክፈል፣ ወይ ጥፋቱን አምኖ ቅጣቱ እንዲቀልለት መጠየቅ፣ ወይ ችሎት መጠየቅ። ፖስታውን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ የተወው ሰው መንጃ ፈቃዱ ሊታገድበት ይችላል። ታግዶ ሲነዳ እንደገና ይቆማል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ ወንጀል ነው። ችሎት ፊት ያለ ክፍያ የአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል፤ ዲሲ ውስጥ ደግሞ ከ2004ቱ የቋንቋ ሕግ ወዲህ አማርኛ የከተማው መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዱባቸው ዋና ዋና ቋንቋዎች አንዱ ነው። እኔም በቀጠሮዬ ቀን አስተርጓሚ ጠየቅኩ። አንዲት ነጠላ የለበሱ ሴት መጥተው አጠገቤ ቆሙና “አይዞህ ልጄ፣ የጠየቀህን ብቻ መልስ” አሉኝ። የዘጠኝ ዶላሯን አምፖል ደረሰኝ አወጣሁ። ዳኛው አይተው ሰረዙት።